በሩን ማን ከፈተ?

በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያና የድኅረ ምረቃ ሠልጣኞች አስተማሪ የነበሩት እኅታችን ባለፈው እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሞታቸው ምክንያት የልብ ድካም መሆኑን ሐኪማቸው በጽሑፍ አረጋግጠዋል።

እኅታችን ከባቡር ጣቢያ ሠራተኛ አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤት ካስተዳደሩት እናታቸው ተወለዱ። የሁለት ታናናሽ ወንድሞች ታላቅ ስለነበሩ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የተተኮሰውን ልብስ ለየባለቤቱ ማድረስ የእሳቸው ድርሻ ነበር። በዚያ ሥራ ብዙ የሰው በር አንኳኩተዋል፤ በየቤቱ ማን እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው ቤት ውስጥ ሕመምተኛ እንደተደበቀ በሩን ከሚከፍተው ሰው ፊት ማንበብ የለመዱት ያኔ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በማዕረግ ከጨረሱ በኋላ በአእምሮ ሕክምና የሚሰጠውን የማኅበራዊ ሥራ የማስተርስ ትምህርት ሲመርጡ፣ እናታችን “የሰው ልጅ ዶክተር ሲሆን የእኔዋ ለዶክተር ልትላላክ ነው” ብለው ለጎረቤት ማማረራቸውን፣ እኅታችንም “እሱ መድኃኒቱን ይስጥ፣ እኔ ሕመምተኛው የሚገባበትን ቤት አያለሁ” ማለታቸውን ቤተ ሰቡ ሁሉ ያስታውሳል። ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ የተለማመዱበት ሆስፒታል ቀጠራቸው፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ሠልጣኞችን እንዲያስተምሩ መደባቸው።

ቢሯቸው በሴቶች ክፍል መጨረሻ የነበረ የአንሶላ መጋዘን ሲሆን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና የማይከፈት መስኮት ነበረው። በዚያ ክፍል በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ መቶ አሥራ ሁለት ሠልጣኞችን አስተምረዋል። ደንባቸው አንድ ነበር፦ ሠልጣኙ የታካሚውን ቤት ሄዶ ሳያንኳኳ ማንም ታካሚ ከሆስፒታል አይወጣም። ለዚሁ ባዘጋጁት የቤት ጉብኝት ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ “በሩን ማን ከፈተ?” የሚል ስለነበር፣ ሠልጣኞቹ ከጀርባቸው “እትዬ ማን ከፈተ” ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ይህንን ያውቁ ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆችን አፍርተዋል።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ አልጋ በጠበበበት ወቅት፣ ሰባት ወር ታክሞ የተሻለው አንድ ልብስ ሰፊ ወደ እኅቱ ቤት እንዲሸኝ ተወሰነ። ጉብኝቱ የተሰጣት ሠልጣኝ ስልክ ደወለች እንጂ አልሄደችም። የልብስ ሰፊው እኅት “ይምጣ፣ ቤቱ አይደል እንዴ” ብለው መለሱላት፤ ቤቱን ግን ከሁለት ወር በፊት ሸጠው ከተማ ለቀው ነበር፤ ገዢውም ገና አልገባበትም። ልብስ ሰፊው በተቆለፈው በር ሥር ሦስት ቀን ዝናብ ላይ ተቀመጠ። ሰዎች ውኃና ዳቦ ሰጥተውታል፤ ለሆስፒታሉ የደወለ ግን የለም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሞቶ ተገኘ።

ሆስፒታሉ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ጉብኝቱ በስልክ እንዲሆን የፈቀደው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ እኅታችን “ይበቃል ያልኳት እኔ ነኝ” ብለው ፈረሙ። በቃለ ጉባኤው ላይ ሌላ ቃል የላቸውም። ከማስተማር ታግደው ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሌሎችን ፋይል ሲደረድሩ ኖሩ። ሠልጣኟ ተመረቀች። ሠልጣኞቹን ይልክ የነበረው ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥልጠናውን ዘጋ፤ ቅጹም ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ በሆስፒታሉ ታካሚ የሚሸኘው በስልክ ነው።

ከዚያ ክረምት በኋላ እኅታችን ልብስ ሰፊ ቤት ገብተው አያውቁም፤ የተተረተረውን ሁሉ በእጃቸው ይሰፉ ነበር። ይህን የማነበው ታናሽ ወንድማቸው በዚያው ዓመት ገበታ ላይ፣ ልጆቻቸው ባሉበት፣ “እትዬ፣ ራስሽ ያስተማርሽውን ራስሽ አፈረስሽው” ብያቸዋለሁ። ሳሕኖቹን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ስለ ጉዳዩ ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

ላለፉት ሁለት ዓመታት እግራቸው እያበጠ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከተኙበት ሆስፒታል መውጣት እንደሚችሉ ቢነገራቸውም አልፈለጉም።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና ሁለት ወንድሞቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ዛሬ የሚያንኳኩትን በር ይክፈትላቸው።

ጽሑፉ ትናንት ከሰዓት ተዘጋጅቶ ያለቀው እዚህ ላይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ያች ሠልጣኝ፣ አሁን በሌላ ሆስፒታል የክፍል ኃላፊ የሆነችው፣ ልቅሶ ቤት መጥታ ለታላቋ ልጃቸው አንድ ፖስታ ሰጠች፤ በሰው ፊት እንዲነበብም ለመነች። በፖስታው ውስጥ የልብስ ሰፊው የቤት ጉብኝት ቅጽ አለ። “በሩን ማን ከፈተ?” በሚለው ሥር “እኅቱ” ተብሎ የተጻፈው በቀይ ተሰርዟል፤ ከጎኑም “ስልክ በር አይከፍትም። ሄደሽ አንኳኩተሽ፣ አይተሽ ተመለሺ” ይላል። ሠልጣኟ እንደነገረችን፣ ቅጹ ሲመለስላት ሳትሄድ ሌላ ሞልታ፣ አስተማሪዋ ፈቃድ በወጡበት ቀን በቀጥታ ለሐኪሙ ሰጥታለች። ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት እኅታችን ቢሯቸው ጠርተዋት “አንቺ ዝም በይ። ካባረሩሽ ሥልጠናውንም አብረው ይዘጉታል” ብለዋታል።

ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ቀዩ ጽሕፈት የእኅቴ ነው። ቀኑም ልብስ ሰፊው ከሆስፒታል ከመውጣቱ ሁለት ቀን በፊት ነው።