ደራሲያችንና የጠርዝ ቃላት

ስጦታዬ፣ ጎማሽን ከርቡ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሰቅለሽ ነው እንዴ ፓርክ ያደረግሽው? ግዴለም፣ ተይው፤ የዚህ ሰፈር ሰው ፎቶ ያነሳሽ እንደሆን እንጂ የሚነካሽ የለም። ግቢ። ጫማሽን አታውልቂ። ከሺፍት ነው የመጣሽው? ፊትሽ ቀላ ብሏል… ሙቀቱ ነው ወይስ የምትነግሪኝ ነገር ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ ውኃ ጠጪ። ከከተማው ዳር፣ እዚህ ሴንቴኒያል ሂልስ ድረስ ሰው የሚመጣው ወይ ቤት ሊገዛ ወይ ሊያስታርቅ ነው፤ አንቺ ደግሞ ቤት አለሽ።

እኔማ ደህና ነኝ። የዓይኔን ሞራ ካስገፈፍኩ አንድ ወር ሆነኝ። ምን ልበልሽ፣ ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ነጭ አይደለም ለካ፤ ቢጫ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ነጭ ነው ብዬ ኖርኩ። አሁን የወተቱን ካርቶን አነባለሁ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት አነባለሁ፣ ትንንሹን ፊደል ሳይቀር። ይሄን ያልሰማ ሰው ይኖር ይሆን? አንዳንዱ «እሷ እኮ ዓይኗ ደክሟል» ብሎ ተማምኖ፣ ሥራውን በሰላም ጨርሶ… እኔ ምን አውቃለሁ።

የደራሲያችንን መጽሐፍ አገኘሁት። ቻይናታውን አጠገብ ካለው የሐበሻ ሱቅ ገዛሁ። ባለሱቁ ኪዳኔ «በነፃ ይውሰዱ» ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ የሰው ድካም በነፃ አይወሰድም። አይደል?

የሽፋኑ ማማር። «የጠርዝና የድንበር ቃላት በእንግሊዝኛ፤ ለአዲስ መጪዎች።» ፎቷቸውም አለ፤ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ያስባሉ። ሲያስቡ አይቻቸው አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ። በዲቪ ከመጡ ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምራቸው «አንተ» ነበር የምላቸው። አሁን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ደራሲ ናቸዋ። አንቺስ ትዝ ይልሽ የለ? አንቺ በዚያ በኩል፣ እሳቸው በዚህ በኩል፣ መሐል ላይ ሰማያዊው ደብተሬ።

ምን ደብተር ናት እሷ፣ የአሮጊት ሥራ። እንግሊዝኛ ለዳር ስንት ስም እንዳለው ገረመኝና መጻፍ ጀመርኩ፤ በቃ። በእግራችን ሱዳን ስንገባ አንዲት ቃል ነበረችኝ፣ ድንበር። እዚህ ስመጣ ሆቴል ዩኒፎርም ክፍል ቀጠሩኝ፤ የአስተናጋጆቹን ቀሚስ ግርጌ ስቀመቅም አለቃዬ ሄም አለችው፣ ጻፍኩ። ሳህን ከንፈሩ ሲሸረፍ ሪም አሉ፣ ጻፍኩ። ካዚኖው ተጫዋቹ ላይ ሁልጊዜ የሚይዛትን ጥቂት ብልጫ ኤጅ ይሏታል፤ የቢላን ስለት በሚጠሩበት ስም። እሷንም ጻፍኩ። ቦርደርንና ባውንደሪን ለመለየት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ከላይብረሪ ያልተዋስኩት መዝገበ ቃላት የለም፤ አንዱም እንደ ልቤ አልነገረኝም። ኋላ ራሴ ጻፍኩት፦ ቦርደር በእግርሽ የምትሻገሪው ነው፤ ባውንደሪ ግን ሌላው ሰው አስምሮት፣ አንቺ ካለፍሽው በኋላ የሚነግርሽ ነው።

ይሄ መጽሐፉ ላይ ገጽ አሥራ ስድስት አለ። ቃል በቃል። ሁለቱ ክረምትም አለ፤ «ለመለየት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ» ይላሉ። መግቢያው ላይ ደግሞ ቃላቱን አገር በገቡ በዓመታቸው ለቅመው እንደጨረሱ ጽፈዋል። በአንድ ዓመት ሁለት ክረምት ማሳለፍ… እንዴት ያሉ ፈጣን ሰው ናቸው?

ደብተሩን ደግሞ መልሰውልኛል፤ ይሄን አልክድም። ለአንድ ሳምንት ብለው ወስደው፣ በሁለት ዓመቱ፣ በፌስታል አድርገው በሩ ላይ አንጠልጥለውልኝ ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ያስቀረው ነበር። ደወሉን ያልነኩት እንዳልነሳ አዝነውልኝ ነው፤ ጉልበቴን ያውቃሉ።

ጥንቃቄያቸው ደግሞ። አንዲት ነገር አልጣሉም። ቨርጅ የሚለውን አይተሽዋል? ላንብብልሽ፣ መነጽር አልፈልግም። «ቨርጅ፦ ዳር፣ አፋፍ፤ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነገር። ምሳሌ፦ ሐሙስ አራት ሰዓት፣ ጥርስ፣ ሳይበሉ።»

ቆይ… ሳቄን ልጨርስ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆኛለሁ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬ ነው፣ ልጄ። ከቃሉ አጠገብ ባዶ ቦታ አግኝቼ ጻፍኩት። መንጋጋ ጥርሴ ወጥቶ ተጣለ፣ ቀጠሮው ይኸው ታትሞ ቀረ። ግን እኮ አስቢው፤ ጥርሱ ሊነቀል፣ ሆዱ ባዶ፣ ሐሙስ ጠዋት ወንበር ላይ የተጋደመ ሰው… ለቨርጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማን ያመጣል? አዲስ መጪው ሁሉ አሁን ይሄን ይሸመድዳል። አንዱ የሥራ ኢንተርቪው ላይ ሲናገራት ታየኝና ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ሮሐ «ደህና ነዎት ወይ?» ብላ በር አንኳኳች። ከእሷ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ለኪዳኔ ነግሬዋለሁ። ፀጉር ቤት ያሉት ራሳቸው ናቸው የሰሙት፤ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።

ገጽ አርባ ላይ ግን አልሳቅኩም። ብሪንክ። «ምሳሌ፦ ባሌ ብሪንክ ላይ ነው።»

ደራሲያችን ባል አላቸው እንዴ፣ ስጦታ? እኔ ነበረኝ። ባሌ ግዛው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ያቺን ቃል ሲነግረኝ አላወቅኳትም። መዳፌ ላይ ጻፍኳትና ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የገደል አፋፍ ይላል። ባሌ ሊሞት መሆኑን ከመዝገበ ቃላት ነው የተረዳሁት። ይሄ ለሰው ጥሩ ምሳሌ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሳቸው አሰቡት። አእምሯቸው ብሩህ ነው።

የምስጋናው ገጽማ ልብ ይነካል። እግዚአብሔርን አመስግነዋል። እናታቸውን አመስግነዋል። «ስማቸው ያልተጠቀሰ ወዳጆችን» ብለዋል፤ እኔ እዚያ ውስጥ ሳልኖር አልቀርም፣ ሰፊ ነው፣ ያስገባል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ጽሑፉን በትጋት ታይፕ ላደረገችልኝ…» ለማን ነበር? ፊደሉ ትንሽ ነው። ግን ነገርኩሽ፤ ትንሹንም አነባለሁ።

ውኃ ልጨምርልሽ?

ያቺ ልጅ እንዴት ያለች ታማኝ ናት። የእኔን የእጅ ጽሑፍ አራት ዓመት እያየች ኖራ፣ ሐሙስንም፣ ጥርስንም፣ ባሌንም፣ አንዱን ሳትነካ እንዳለ አሰፈረችው። የማን ነው ብላ አልጠየቀች። አንዳንድ ሰው ይጠይቃል እኮ፤ ጨዋ ልጅ ግን አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ትሠራለች።

ቴክስትሽን አንብቤዋለሁ። ቅዳሜ የመጽሐፉ ምረቃ ነው። አንቺን የላከሽ አስታራቂ ኮሚቴ «መጥተው ከፊት ይቀመጡ፣ እሱም ጉልበትዎን ይሳም፣ ይቅር ብዬዋለሁ ይበሉና በሰላም እንለያይ» ብሏል። ደግ ኮሚቴ ነው። እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ስሜን። «ሽፋኑ ላይ ቦታ የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አገጫቸው ይዞታል። ሁለተኛው እትም ላይ በግርጌ ማስታወሻ ያስገቡኛል አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርዝ ስለቅም የኖርኩ ሴት፣ ከገጹ ጠርዝ ሌላ የት ልቀመጥ? አዲስ መጪው መጽሐፉን ገልጦ የእሳቸውን ስም ይማራል፤ የእኔን ግን ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል።

አልመጣም።

አትደንግጪ፣ ብርጭቆውን እዚያው ተይው። ለእሳቸው ምርቃቴን አድርሺልኝ፤ ምንም ሳታጎድይ፣ እንደለመድሽው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጃቸው አይዛል። መጽሐፋቸው በየቤቱ ይግባ። የራሳቸው የሆነች አንዲት ቃል እስኪያገኙ ድረስ ሞት ዘንግቷቸው ይኑሩ… ማቱሳላ ይቀናባቸው። አሜን በይ እንጂ።

ይቅርታ ግን ይዘሽ አትሄጂም። ለእሳቸውም፣ ለላከሽ ኮሚቴም፣ ለአንቺም የለኝም። ማንንም ይቅር አልልም።