ድንጋይ የተሸከመው ፈረንጅ

ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ እቀበላለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ከየአገሩ ሰዎች ጋር በኢንተርኔት እየተጋገዝን፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር እንሠራለን። ታዲያ አንዱ ፈረንጅ የላክሁትን ሥራ አይቶ «ይሄን የጻፈው አህያ ነው» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ሰደበኝ። ማኅበራችን ስድብ የሚከለክል ደንብ አለውና ኃላፊዎቹ «በምን እንካስህ?» ብለው ጻፉልኝ።

ከብልባላ ሊጠይቁኝ የመጡትን አባቴን አማከርኋቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። «ይሄማ ምን ያማክራል? ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃ!» አሉ። እንዳሉት ጻፍሁ። በማግስቱ ሰውየው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ። አባቴ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «በል ቶሎ ይቅር በለው! አንተ ይቅር ሳትለው መች ያወርዳል?»

ልጽፍ ስል ኔትወርክ ጠፋ። ምሳ ቢቀርብ አባቴ ወይ ፍንክች! «ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እኔ እህል አልቀምስም።»

«ፎቶ እኮ ነው አባዬ!»

«ድንጋዩስ ፎቶ ነው?»

ምን ላድርግ? ሞባይሌን ይዤ የአሸተን ማርያምን ዳገት ሽቅብ ሮጥሁ። ግማሽ ላይ ኔትወርክ አገኘሁና «ይቅር ብዬሃለሁ፣ አውርድ» ብዬ ላክሁ። ፈረንጁም ወዲያው «እፎይ! አወረድሁት» ብሎ መለሰልኝ።

እያለከለክሁ ተመልሼ ስነግራቸው አባቴ እጃቸውን ታጥበው ወደ ማዕዱ ቀረቡ።

«አፉ ባለጌ ነው» አሉ፤ «አንገቱ ግን የጨዋ ልጅ ነው።»