ከአውሮፕላን የዘለለው ልጅ

ከጅማ መርካቶ ወደ በቾ ቦሬ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት አጠገቡ ላሉት የማያውቃቸው እናት ስልኩን ዘረጋላቸው።

«እማማ፣ ይቺን ቪዲዮ ይዩልኝ። ለሥልጠና ኬንያ ሄጄ ከአውሮፕላን ስዘል ነው።»

«ያ ረቢ! ይሄ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ፓራሹቱን የያዘው ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ነው፤ አንድ ላይ ታስረን ነው የዘለልነው።»

«አልፈራህም?»

«በሩ ጋ ስደርስ ጠርዙን ይዤ አልለቅም አልኩ። ሰውዬው እቅፍ አድርጎ ‹አይዞህ፣ ይዤሃለሁ› አለኝ። ከዚያ ዘለልን።»

«ታች ማን ጠበቀህ?»

«ማንም። ሌሎቹን ቤተሰቦቻቸው እየሮጡ መጥተው አቀፏቸው። እኔን ሰውዬው ቀበቶውን ፈታልኝና ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ።»

«እናትህስ ስታይ ምን አለች?»

«እናቴ የለችም፤ አባቴም ቀድሟታል። ከመጣሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ እስካሁን ያሳየሁት ለእርስዎ ብቻ ነው።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

«ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ እስኪ ከመጀመሪያው አሳየኝ። ቅድም በደንብ አላየሁህም።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፣ ግን «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።