ላጥ የተባሉት ዛፎች

ኦቦ ሌንጂሳ ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ወሊሶ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችውን ወጣት ልብ ብለው አላዩዋትም ነበር። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአምቦ ገበያ ጤፍና ኑግ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን ልባቸውን የወሰደው ሟች ወንድማቸው በደቡብ ምዕራቡ ቆላ ትቶላቸው የሄደው ማሳ ነው። እዚያ ከስድስት ዓመት በፊት ያስተከሏቸው የጎማ ዛፎች ዘንድሮ ጎማ የሚሠራበትን ነጭ ወተት ሊሰጡ ነው። ልጁን ሊድር የተሰናዳ አባት እንኳ እንዲህ አይቁነጠነጥም።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሌንጂሳ? ረሱኝ እንዴ?» አለች ወጣቷ።

ዞር ብለው ቢያዩ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ወለተ ማርያም ልጅ ሃዊ ናት። በእሳቸው ዓይን ገና ደብተር ታቅፋ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። ለካስ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ለበዓል እናቷን ጠይቃ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች ነው።

«ናጋ፣ ናጋ! ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዲህ አደግሽልኝ? ለመሆኑ ሥራሽ የት ነው?»

«እርስዎ ማሳ ያለዎት ቆላ ነዋ! የጎማ ተክል ድርጅቱ ውስጥ፣ ዘላቂነት ክፍል ነው የምሠራው።»

«ዘላቂነት? ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ክፍል ነው? የሚዘልቀው ሥራው ነው ወይስ ደመወዙ?» አሉና በራሳቸው ቀልድ ራሳቸው ሳቁ። ሃዊም ለአክብሮት ያህል ሳቀች።

መኪናው የወንጪን አቀበት እንደያዘ የኋላ ጎማው ተንፍሶ ቆመ። ሾፌሩ ፉአድ ተጠባባቂውን ጎማ ቢያወጣው እሱም የባሰበት ሆኖ ተገኘ። ራሱን እየነቀነቀ በለመነው ሞተር ብስክሌት ጎማውን ይዞ ሊያስለጥፍ ሄደ። ተሳፋሪው በየጥላው ተበተነ። ኦቦ ሌንጂሳና ሃዊም ሐይቁ ቁልቁል ከሚታይበት ሣር ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ሰው እንደዚያ ያለ ረጅም ክርክር ውስጥ የሚገባው መኪና ሲበላሽበት ብቻ ነው።

«በይ እስቲ ንገሪኝ፤ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ለድርጅቱ የጎማ ወተት የሚያቀርቡትን አርሶ አደሮች ማሳ እየዞርኩ በካርታ እመዘግባለሁ። ወተቱ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ ማሳውም ከጎማው በፊት እርሻ ይሁን ጫካ አጣራለሁ። ጫካ ተመንጥሮ በተተከለበት ቦታ የተመረተ ጎማ አንገዛም።»

«ለምን? ጎማው ጫካ ጫካ ይሸታል?»

«ከእኛ የሚገዙት የውጭ አገር ፋብሪካዎች አይቀበሉንም። እነሱን እንኳ ይተዉዋቸው፤ ለእኛም አይበጅም።»

«ተይ እንጂ ልጄ! ፈረንጅ የራሱን ደን አርሶ ከበላ በኋላ ለእኔ ጫካ ሞግዚት ልሁን ሲል ዝም ብለሽ ትሰሚዋለሽ? የተማርሽው ለዚህ ነው?»

እንዲህ የሚሉት ኦቦ ሌንጂሳ ብቻ አይደሉም፤ በየመንደሩ የሚባል ነገር ነው፣ ሐሰትም አይደለም። ሃዊም አልካደችም።

«ልክ ነዎት፤ የራሳቸውን ጨርሰዋል። ግን እነሱ ስላጠፉ እኛ የምናጠፋበት ምክንያት አይታየኝም። ድርጅታችን ራሱ መጀመሪያ ላይ የሠራውን ጥፋት ልንገርዎት? በጎማ ዛፎቹ መካከል ያለውን መሬት እንደ ጤፍ ማሳ አለስልሰው አጸዱት። አንድ ክረምት ዘነበና አፈሩ ተጠራርጎ ወንዝ ገባ፤ የዛፎቹ ሥር አግጦ ወጣ። አሁን መሬቱን የሚያለብስ ሐረግ እንዘራበታለን። የፋብሪካው እጣቢም እንዲሁ ወደ ወንዝ ይለቀቅ ነበር። ሽታው አይነሳ! ከብት እንኳ አሽትቶት ይመለስ ነበር። ዛሬ በሦስት ኩሬ እየተጣራ ነው የሚወጣው። ይሄን ሁሉ ያደረግነው ጉዳቱን በዓይናችን አይተን ነው።»

«የኩሬውስ ነገር መልካም ነው፤ እሱን አልቃወምም። ጫካ ግን ምን ይፈይዳል? ከእኔ ማሳ በላይ ያለው ተዳፋት የሚቀልበው ጦጣ ብቻ ነው። ያ ሁሉ መሬት ጎማ ቢለብስ የልጅ ልጆቼ ይበሉበት ነበር።»

«ከተዳፋቱ ሥር ምንጭ የለም?»

«አለ እንጂ። መንደሩ ሁሉ የሚቀዳው ከእሱ አይደል?»

«ታዲያ ምንጩ በበጋ ውኃውን ከየት የሚያመጣው ይመስልዎታል?»

ኦቦ ሌንጂሳ በከዘራቸው ሣሩን ነካ ነካ አደረጉ። ሃዊ ይህን እንደ መረታት ቆጠረችው፤ ተሳስታለች። ሽማግሌው በሆዳቸው የያዙትን ምሥጢር ላውጣው ወይስ ልተወው እያሉ ማመንታታቸው ነው። ነጋዴ ናቸውና ብልሃታቸውን ለሰው ሳያሳዩ ማደር ደግሞ አይሆንላቸውም። ግራ ቀኙን አዩና ጠጋ አሉ።

«ስሚኝማ ልጄ፤ እኔ ያንቺንም ሕግ ሳልነካ፣ የራሴንም ጉዳይ ሳልተው ጨርሼዋለሁ። የተከለከለው ዛፍ መቁረጥ ነው አይደል? እኔ አንድም አላስቆርጥም። ቅርፊታቸው ዙሪያውን ከተላጠ በራሳቸው ጊዜ ይደርቃሉ። የደረቀ ዛፍ ማገዶ ነው፤ ማን ይጠይቀኛል? አባቶቻችንም ማሳ ያሰፉት እንዲሁ ነው።»

ሃዊ ክው አለች።

«ዋቀዮ! ኦቦ ሌንጂሳ፣ አደረጉት?»

«ትናንት ለዋቆ ደውዬ አዘዝኩት።» ዋቆ ማሳውን የሚጠብቅላቸው ሰው ነው። «ደግሞ ሞኝ አይደለሁም፤ በስልክ ጫካ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ‹ዛፎቹ ጊዜያቸው ደርሷል፤ ነገ በማለዳ ዙሪያቸውን ላጥ፤ ማንም እንዳይሰማ› አልኩት፣ አለቀ። ሌላ ሰው ቢሰማኝስ ምን ይገባዋል?»

«ምን ነካዎት?» ሃዊ ሳታውቀው ከተቀመጠችበት ተነሥታለች። «ቆሞ የደረቀ ዛፍ ከተቆረጠው በምን ይሻላል? ቅጠሉ ሲረግፍ ሳተላይት ከሰማይ በሚያነሣው ፎቶ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ፎቶ በየወሩ ከፍቼ የማየው እኔ ነኝ!»

«ማል ጄታ! ምን እያልሽ ነው? የእኔን ማሳ ከሰማይ?» አሉና ሽቅብ ተመለከቱ። ከላይ ደመና እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን የሚያያቸው ሰው ያለ ይመስል ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«የእርስዎን ብቻ አይደለም፤ የሁሉንም። የእርስዎ መንደር አርባ አባወራ ወተቱን የሚያስረክበው በአንድ ጣቢያ ነው። በአንድ ታንከር ተገልብጦ፣ ተደባልቆ ነው የሚሄደው። አንዱ ማሳ ጫካ ያጠፋ ከሆነ ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ የማንም አይገዛም። የእርስዎ ቅጣት የአርባውም ቅጣት ነው።»

ኦቦ ሌንጂሳ ስለ ሰማዩ ፎቶ ገና ይከራከሩ ይሆናል፤ ይህ ግን ወዲያው ገባቸው። አንድ ሰው አፈር የቀላቀለበት ጤፍ አንዴ ከሌላው ጋር ከተገለበጠ ለይቶ የሚያወጣው እንደሌለ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞም እነዚያ አርባ አባወራዎች ወንድማቸው ሲሞት ሬሳውን ተሸክመው፣ መቃብሩን ቆፍረው፣ እሳቸውን ሳምንት ሙሉ ያስተዛዘኑ ሰዎች ናቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ዛሬ በማለዳ ነው ያልኩት!» ብለው ስልካቸውን ከኪሳቸው መነጨቁት።

ኔትወርክ አልነበረም። ሽማግሌው ከዘራቸውን ሣሩ ላይ ጥለው በሃዊ ክንድ እየተደገፉ ወደ ጉብታው ወጡ። ሦስቴ ሞከሩ። በአራተኛው ጠራ። ሃዊም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ዋቆ! ትሰማኛለህ? ያዘዝኩህን ተወው! አንድም ዛፍ እንዳትልጥ!»

«ምነው ኦቦ? እኔ እኮ ጎህ ሲቀድ ነው የጀመርኩት» አለ ዋቆ፤ ደስታው በድምፁ ያስታውቃል። «የፊተኛውን ረድፍ፣ ሠላሳ አራቱን ዛፍ ጨርሻለሁ። ወተታቸው ሲወርድ ቢያዩት! ባልዲው አልበቃኝ ብሎ ድስትም ደቀንኩ። መሬቱ ነጭ ሆኗል።»

«የምን ወተት? የጫካ ዛፍ ከመቼ ወዲህ ነው ወተት ያለው?»

«የምን ጫካ ኦቦ? ጎማዎቹን ነው እንጂ! ጊዜያቸው ደርሷል፣ ላጥ አላሉኝም? ጎረቤቶቻችን ሲልጡ ከሩቅ አይቻለሁ፤ እነሱ ግን ጫር ጫር ነው የሚያደርጉት። እኔ ዙሪያውን፣ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ነው የላጥኩት። ማንም እንዳይሰማ ስላሉኝም ማንንም አልጠየቅኩም።»

የኦቦ ሌንጂሳ ወሽመጥ ተቆረጠ። ስልኩ ከእጃቸው ሊወድቅ ሲል ሃዊ ቀለበችው።

«ዋቆ፣ ሃዊ ነኝ፣ ካርታ የማነሣው። ቢላውን አስቀምጥ። እንጨቱ ላይ ስስ ቅርፊት የቀረባቸው አሉ?»

«ስጀምር የላጥኳቸው ሦስት አራቱ አሉ፤ ያኔ እጄ ገና አልለመደም ነበር» አለ ዋቆ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። ጥፋቱ እነዚያ መሰሉት።

«ቁስላቸውን በእጅህ እንዳትነካ። ፀሐይ እንዳያገኛቸው በኮባ ቅጠል ላላ አድርገህ ጠቅልላቸው። ሌላ ምንም አትሥራ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ሽማግሌው ስትዞር ጉብታው ላይ ዘፍ ብለው ተቀምጠዋል።

«ይድናሉ?»

«ስስ ቅርፊት የቀረባቸው ምናልባት። እኛ ስናልብ ግማሽ ዙሪያውን ብቻ፣ አግድም አዘንብለን፣ ከእንጨቱ ላይ የጥፍር ያህል ቅርፊት አስቀርተን ነው የምንልጠው። ከዚያም ዛፉን እናሳርፈዋለን። እንዲህ የተያዘ ዛፍ ሃያ አምስት ዓመት ይታለባል። ዙሪያው የተላጠ ግን...» ሃዊ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። «የተላጠ ዛፍ ምን እንደሚሆን አሁን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ስድስት ዓመት! በክረምት ከብት እንዳይበላቸው ያሳጠሩላቸው፣ በበጋ ውኃ ያስጠጧቸው ዛፎች ናቸው። ኦቦ ሌንጂሳ እንደ ልጅ አለቀሱ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ ዋቆን ረገሙት። ደደብ አሉት፣ ዓይነ ስውር አሉት። ወዲያው ደግሞ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ምን አጠፋ እሱ? ያልኩትን ነው የሠራ። እኔ ነኝ ነገሬን ለሰው እንዳይገባ አድርጌ የተናገርኩ። ቀጥተኛ ነገር ቢሆን በቀጥታ እናገረው አልነበር? ክፋቱን ሳላውቀው ነው እንዴ ስሙን ልጠራው ያፈርኩት?» ከዚያም ቀና ብለው «በወረቀትሽ ላይ ጻፊው ሃዊ፤ ሌንጂሳ ጫካውን ሊያደርቅ ነበር ብለሽ ጻፊ» አሏት።

«ጫካው አልተነካም ኦቦ። ሰው በልቡ ያሰበውን የምሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

«እንግዲያው እኔው እነግራቸዋለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ወተት መረከቢያው ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሙ። ከጣቢያው አጠገብ ባለው ማሳቸው፣ ከፊተኛው ረድፍ መጨረሻ የተላጠ ግንድ ይታያል፤ ወተቱ ረግቶ፣ ጠቁሮ፣ ዝንብ ወርሮታል። አርባዎቹ አባወራዎች የመጀመሪያ ወተታቸውን ሊያስረክቡ ነው ብለው አጨብጭበው ሊቀበሏቸው መጥተው ነበር። ዛፎቹን ሲያዩ ግን ሁሉም ደነገጠ፤ ሴቶቹም «ዋይ!» አሉ።

ኦቦ ሌንጂሳ የሆነውን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀንሱ ተናገሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

«እኔ ከማንም እበልጣለሁ ብዬ አይደለም የምመክራችሁ፤ ከሁላችሁ በላይ ያጠፋሁ ስለሆንኩ ነው» አሉ። «ይህ ተዳፋት ቢደርቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ምንጫችን ነው፤ ልጆቻችን ለውኃ ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ቀጥሎ ጎርፉ ይመጣና የጎማችንን ሥር ያወጣዋል፤ ድርጅቱ ላይ የደረሰውን ከዚህች ልጅ ጠይቁ። ከዚያ ወተታችን ተመላሽ ይሆናል። ጫካው ሲኖር ግን ምንጩም አለ፣ ቀፏችሁም ማር ይሰጣል፣ ያለን ጎማም በወግ ከተላጠ እኛን አልፎ ልጆቻችንን ይጦራል። እኔ መሬት ላሰፋ ብዬ የነበረኝን አጣሁ።»

የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ መልሱን ጮክ ብላችሁ አትንገሩኝ። ይህን ብልሃት ያሰብኩት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አላምንም። ከእናንተ መካከል እንደ እኔ ለሠራተኛው ‹ላጥ› ብሎ ያዘዘ አለ?»

ከኋላ አንድ ሰው ተነሣና ስልኩን እየፈለገ በፍጥነት ከጉባኤው ወጣ። ቀጥሎ ሌላው ተነሣ። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ ሌላውን በድንጋጤ እያየ፣ እኩል ብድግ አሉ።