የስግደት ማግስት

የመቱ ከተማ ጭጋግ ሰውን ከወገቡ በታች የሚሰውርበት ማለዳ ነበር። ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወርድ አንድ ነጭ ጋቢ አጥር ተደግፎ ቆሞ አየሁ። ቀረብ ብል ጎረቤቴ ጋሽ ገብረ መድኅን ናቸው።

«ተመስገን፣ ሰው አገኘሁ! ባጃጅ ጥራልኝ፤ ወጌሻ ዘንድ ልሂድ። ጭኔ አልቆለታል» አሉኝ።

አምና በስቅለት ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ፣ እኩዮቻቸው ሲሰግዱ እሳቸው ወንበር ላይ ዋሉ። ያ ወንበር ዓመቱን ሙሉ ከልባቸው አልወጣም። ስለዚህ ዘንድሮ ሐኪም አማክረው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጊፍቲ በሞቀ ክፍል የምታሠራውን ዮጋ ትናንት ጀመሩ። ስቅለት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ይህን ስናወራ ጊፍቲ ራሷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ከጭጋጉ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«ምኑን አደርኩት፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ! ትናንት በዚያ ሙቀት ተጋድሜ ዓይኔን ስጨፍን፣ በልጅነቴ ሶር ወንዝ ላይ የተንሳፈፍኩ መሰለኝ። በሕልሜም እዚያው ነበርኩ። ስነቃ ግን እግሩ የእኔ አይደለም። አሁን በደንብ ታሽቼ እስከ ፋሲካ እተኛለሁ።»

«ያበጠ ቦታ አለ? ወይስ ሁለቱም ጭኖችዎ እኩል ነው የሚያምዎት?»

«እኩል።»

«እንግዲያው ሥራ የፈታ ጡንቻ ስለሠራ ነው። በኃይል ቢታሽ ይብስበታል። ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎት፤ ድሮ በስቅለት ማግስት ጭንዎን አያምዎትም ነበር?»

«እንዴታ! ደረጃ መውረድ ያቅተን ነበር።»

«ታዲያ ወጌሻ ይጠሩ ነበር?»

ጋሼ ጭናቸውን ዳበስ አድርገው፣ «ኧረ ምን በወጣን! ቄጠማችንን አስረን ወዲያ ወዲህ ስንል ይለቀን ነበር» አሉ።

«ዛሬም ያው ነው። በዝግታ ይራመዱ፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥበው በጊዜ ይተኙ፤ ሹሮና ባቄላ አይጉደልብዎት። ሕመሙ ሲለቅዎት ይመለሳሉ። ለመሆኑ ትናንት ውሃ ጠጥተው ነበር የገቡት?»

«በጾም? ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ጠብታ አልቀመስኩም ነበር።»

እኔ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ላብ በደረቅ ጉሮሮ! ልቆጣ አፌን ስከፍት ጊፍቲ ቀደመችኝ።

«አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው፣ ጋሼ። ጾምዎን አልነካም። ከእንግዲህ ማታ ማታ፣ በልተውና ጠጥተው ይምጡ። ክፍሉንም አላሞቀውም።»

«ጾሜን ካልነካሽብኝማ» አሉና አጥሩን ለቀቁ። «ባጃጁ ይቅር።»

የስቅለት ዕለት ጋሼ ሲሰግዱ አየኋቸው። በዝግታ ይወርዳሉ፣ በዝግታ ይነሣሉ፤ ግን ይነሣሉ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

በማግስቱ ደግሞ፣ እኔም ስሰግድ ውዬ ስለነበር አልጋዬ ውስጥ እያቃሰትኩ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ቄጠማ አስረው ቆመዋል።

«ከተኛህ ይብስብሃል። ውሃህን ስንፈስክ ትጠጣለህ፤ አሁን ውጣ፣ እንራመድ።»

በጭጋጉ ውስጥ እያነከስን ወረድን።

«ወንበሩስ?» አልኳቸው።

«እኩያዬ ጉርሙ ተቀምጦበት ዋለ። ከፋሲካ በኋላ እሱንም ወደ ጊፍቲ እወስደዋለሁ።»