ባዶ እጄን የገባሁበት መስቀል

በእኛ ጊዜ፣ በጃንሆይ ማለቂያ ላይ፣ አዲስ አበባ ከርሞ ለመስቀል ባዶ እጁን አገሩ ከሚገባ ጉራጌ ጅብ የበላው ይሻል ነበር። ስሙኝማ ልጆች፣ ያ ባዶ እጅ እኔ ነኝ። መርካቶ የከፈትኳት ሱቅ ከሰረች፣ ለማንም ሳልናገር ሁለት መስቀል ቀረሁ፣ እና በሦስተኛው እናቴ ላከችብኝ፦ «ዘርጋ፣ ሞተህ እንደሆን ንገረኝ፣ ተዝካርህን ላውጣ።» እንግዲህ ከእንዲህ ያለች ሴት ወዴት ይኬዳል?

ታዲያ ቡታጅራ ከመኪና ስወርድ እግሬ ወደ አገሬ ወደ መስቃን አልሄድ አለኝ። ያን ሰሞን ሁሉ ይከፋኛል፣ እህል አይበላልኝም፣ «አንተ የማትረባ» እያልኩ የገዛ ክንዴን እነክሳለሁ። ምን ያስቃችኋል? አዎ፣ ጢም ያለው ሰውዬ! የሚቀለኝ ይመስለኛል፣ አይቀለኝም፣ በመንከሴ አፍራለሁ፣ እና ስላፈርኩ ደግሞ እነክሳለሁ። እንዲህ ያለ ጅልነት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቤት ስደርስ የአጎቴ ልጅ ኃብቴ ቀድሞኛል፣ ኮት በከረባት። ጎረቤቱ «ኃብቴ ሰው ሆነ፣ ኃብቴ ሰው ሆነ» ይላል። በልቤ ሰደብኩት። ታዲያ በሬው ተጥሎ ሥጋ ልንመድብ እጅጌዬን ብሰበስብ፣ እናቴ ክንዴን አየችው።

«ማነው የነከሰህ?»

«ራሴ ነኝ።»

ይሄኔ ሰዉ «ዛር ነው!»፣ «ጠበል ውሰዱት!» እያለ ተንጫጫ።

«የምን ዛር» አልኩ፣ «ሱቁ ከስሯል። እኔ ከሰው አልቆጠርም፣ በሽታዬ ይኸው ነው።» እና አለቀስኩ፣ እዚያው ሥጋው ላይ።

ኃብቴ በዚያ ሙቀት አላወልቅም ሲል የዋለውን ኮት አወለቀ። የእሱ ክንድ ከእኔ ይብሳል።

«ኮቱ የውሰት ነው» አለኝ። «ዘርጋ ባለሱቅ ሆነ ሲሉ እየሰማሁ፣ እኔ ምንድነኝ እያልኩ ነው የነከስኩት።»

እናቴ ሁለታችንንም አየች አየችና፣ «በሬ ታርዶላችሁ የገዛ ሥጋችሁን ትበላላችሁ? እኔ ሱቅ አልወለድኩም፣ ልጅ ነው የወለድኩት። በሉ ቁጭ በሉ፣ ብሉ» አለች።

«ከዚያ ወዲያ መንከሱን ተዉት፣ አባባ?»

በአንድ ቀን? ኧረ ምኑ! ግን ሲመጣብኝ ኃብቴ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ሲመጣበት እኔ ዘንድ ይመጣል። «የማልረባው እኔ ነኝ»፣ «የለም፣ እኔ እብሳለሁ» ስንባባል ሳቅ ይይዘናል፣ ክንዳችንም ይተርፋል። ራሱን የናቀን ሰው ብቻውን አትተዉት፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው። የባሰው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ሃ ሃ!