የአባባ ወንበርና የኔሊ እግር

ሄሎ?... ሄሎ! ማን ልበል?... ክላረንስ! — ዝም በሉ እስቲ፣ ክላረንስ ነው! — ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... የት ደረስክ?... ማደያው ጋ? በል መኪናህን ዳር አሲዝ... አስያዝክ? ሞተሩን አጥፋ። አጥፋ አልኩህ፣ ታላቅህ ነኝ!

...

አዎ፣ ወንድሜ። እውነት ነው። አባባ ትናንት ጎህ ሲቀድ አረፉ።

...

እ?... መልእክቱን አሁን ነው ያየኸው? ማዕድን ካምፑ ውስጥ ስልክ እንደማይሠራ መች አጣሁት... አይዞህ። አልቅስ፣ አልቅስ። እኔ የትም አልሄድም።

— አጎት ሳይመን፣ ጓሮ እሳቱ ላይ ያለችውን ዝይ የሚያዞራት ሰው የለም? በአንድ ጎኗ አረረች እኮ! —

ምን?... እንደገና በለው... ክላረንስ! እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ አይውጣ! አንተ ነህ የገደልካቸው?... አዎ፣ ሐኪሙ «ይቆዩ» አለ፤ አዎ፣ ፈርመህ አወጣሃቸው። ማን ለምኖህ? ራሳቸው አይደሉም እንዴ? ድንኳን ውስጥ ተወልደው ዘጠና ዓመት ሙሉ ጥድ ሲያሸቱ የኖሩ ሰው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተኝተው ምን ያሽቱ? «ልጄ፣ ቤታችሁስ ጥሩ ነው፤ ነፋሱን የት አስቀመጣችሁት?» ብለው ነርሷን የጠየቋት ዕለት አልነበርክም?... ተርጓሚው አንተ ነበርክ! በመስኮት በኩል እንደ ዝይ ጮኸው በሽተኛውን ሁሉ የቀሰቀሱትስ ጊዜ?... ይኸው ሳቅክ። ሳቅ፣ እሳቸውም ይሄንን ነው የሚወዱት።

አሁን ስማኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህና ልብህ ይረፍ። ኔሊ ወጥታለች።

... አዎ፣ ወጥታለች! ልጅህ! በሥርዓቱ፣ በእግሯ!... ሐሙስ ጠዋት... በማን እጅ ይመስልሃል? በአባባ እጅ ነዋ!

አውቃለሁ፣ ቀጠሮው ለዛሬ ነበር። ልንጠብቅህ ነበር። እሳቸው ናቸው ያስቀደሙት... ቆይ፣ ወደዚያ እመጣለሁ፣ አትጣደፍ።

እኔ እኮ የፈራሁት ምን መሰለህ? ሳይሆንላቸው እንዳይሄዱ ነበር። ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት፣ ከታዘለች ከታቀፈች በቀር ደጅ አታውቅም። የትምህርት ቤቱ አዲሷ አስተማሪ እኮ አዝናልኝ፣ «እግሯን ያማታል እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ ቤት ውስጥ አንደኛ ሯጭ ናት፤ ቅድመ አያቷ በባህላችን ሥርዓት እጇን ይዘው ካላወጧት ነው ደጅ መሬት የማትረግጠው» አልኳት። ያቺ የአባባ ወንበር፣ ልጅቷ እንዳትወጣ ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ተደቅና፣ ስንቶቻችን ተደናቅፈን ወደቅን!... አንተም? ይበልህ።

እና ሐሙስ ገና ሳይነጋ ድንኳኑን ተከልን፣ ዞራ እስከምትመለስባት ዛፍ ድረስ የጥድ ቅርንጫፍ አነጠፍን። ኔሊ ያችን ለሥርዓቱ የተሠራችላትን ትንሽ መጥረቢያዋን ያዘች። አባባ ሊነሱ ቢሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። አጎታችን ሳይመን፣ «አባዬ፣ እኔ ልያዛት» ቢላቸው፣ «አንተ መጀመሪያ ሱሪህን ያዝ» አሉት!... እውነቴን ነው! ሳይመን እዚህ ነው፣ ጠይቀው። — አላሉህም? — አዎ ይልሃል።

ከዚያ «ሸርተቴዬን አምጡልኝ» አሉ... አዎ፣ ያቺ በበረዶ ላይ የወጥመድ ዕቃቸውን ሲጎትቱባት የኖሩት። እናታችን የሞተች ጊዜ እኔንና አንተን ጭነው ወደ ጫካ የወሰዱባት... አንተ ትንሽ ነበርክ፣ አታስታውሰውም። እኔ ግን አስታውሳለሁ። ቀኑን ሙሉ ሲጎትቱን ዋሉ፤ አንድ ቃል አላጉረመረሙም። ማታ ድንኳን ስንገባ ቂጣውን ለሁለት ቆርሰው ሰጡንና እሳቸው ሻይ ብቻ ጠጡ። «እናንተ ስትበሉ እኔ እጠግባለሁ» አሉን። ውሸታቸውን ነበር፣ ሆዳቸው ሲጮኽ ሰምቻለሁ።

... አዎ። እሺ። አፍንጫህን ተናፈጥ።

እና ሸርተቴዋ ላይ ተቀመጡ፣ ሳይመን ጎተተ። ሲቀመጡ ቁመታቸው ከኔሊ ጋር እኩል ሆነ! እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እሷ በእግሯ እሳቸው በሸርተቴ፣ ጎን ለጎን ወጡ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ክላረንስ።

መሀል ላይ ስትደርስ ግን ዝርፍጥ አለች... አልወደቀችም፣ ቁጭ አለች! ዶሪን፣ ሚስትህ፣ ልታነሳት ስትል በዓይናቸው ገሠጿትና፣ «እኔም ተቀምጫለሁ፣ አትቸኩይ» አሏት ለኔሊ። ተያይተው ተቀመጡ። ከዚያ ራሷ ተነሳች! ዛፏን ዞረች፣ ጭራሮዋን አንስታ ድንኳን ድረስ ተሸክማ አመጣች። አባባ ተቀብለው ምድጃው ውስጥ ጨመሩና «በሉ ሻይ አፍሉ፣ የልጄ እንጨት እንዳይባክን» አሉ።

ያን ቀን ዋሉ ሲያወሩ! በረዶው ከሥራቸው ተሰብሮ ሐይቅ ውስጥ ገብተው፣ ፒፓቸውን ነክሰው የወጡበትን... አዎ፣ ድሮ ፒፓው ጠፍቶ ነበር የወጣው፣ አሁን እየጨሰ ነው! በየዓመቱ ይሻሻላል። አንተ መጀመሪያ ቀን ዝይ አደን ሄደህ፣ በማስነጠስህ መንጋውን ሁሉ ያባረርከውን ሳይቀር አወሩብህ። ዝይም በሉ፤ ጭንቅላቷን እንኳ አላስተረፉልንም።

... አልተሠቃዩም፣ በፍጹም። ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው ነበርኩ። ሲነጋጋ ዝይዎቹ በላያችን አለፉ። አዳመጡ፣ አዳመጡና... «ዘንድሮ ወፍረዋል» አሉ። በቃ። ሌላ ነገር አላሉም። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር።

ሄሎ?... አለህ?... እኔም አለሁ። አለቀስኩ እንጂ አልከፋኝም። እውነቴን ነው። እዚያ ፎቅ ላይ ቢሆንስ ብዬ ሳስብ ነው የሚጨንቀኝ።

ምን?... ለምን እንዳስቀደሙት? ጠየቅኳቸው እንጂ! «አባባ፣ ክላረንስ ቅዳሜ ይመጣል፣ ምናለ ብንጠብቀው?» አልኳቸው። ምን እንዳሉኝ ልንገርህ? — ቆዩ፣ አትንኩኝ፣ ደህና ነኝ — «አባቷ ወደ ሥራ በሄደ ቁጥር በር ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ ወንበሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሲመጣ ቤታችን የለቅሶ ቤት ይሆናል። ቢያንስ እሷ በእግሯ ወጥታ ትቀበለው» አሉኝ።

...

ክላረንስ?... ሄሎ?... ትሰማኛለህ?... እሺ። እሺ፣ ወንድሜ።

— ዶሪን፣ ጫማዋን አዟዙረሽ አጠለቅሽላት እኮ! ቀኙን በግራ!... በራሷ ነው? ተያት በቃ። —

... ወንበሩ? አንስተነዋል። በሩም ክፍት ነው።

በል ሞተሩን አስነሳ። ቀስ እያልክ ንዳ፣ አጋዘን መንገድ ላይ ይወጣል። ድልድዩን ስትሻገር ክላክስ አድርግ... ኧረ እኛ አንወጣም። እሷ ናት የምትወጣው። ቻው።